በሌሉበት መናገር፣ ባሉበት መድረኩን መልቀቅ፦ ለተገለሉ ማኅበረሰቦች እውነተኛ አጋር ስለመሆን

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ከፍ ያለ የአካል ጉዳት አለባቸው፤ ይህም ከስድስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። በዘራቸው፣ በቆዳቸው ቀለም፣ በሃይማኖታቸው፣ በትውልዳቸው፣ በሚተዳደሩበት ሙያ፣ በስደተኝነታቸው ወይም ባለባቸው ሕመም ምክንያት የሚገለሉት ሲጨመሩበት፣ መገለልን የጥቂቶች ችግር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ይህን አይቶ የሚያዝንና ከተገለሉት ጎን ለመቆም የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ በጎ ፈቃድ ብቻውን መንገድ አለማሳየቱ ነው። የት እንደሚቆም ያላወቀ ደጋፊ፣ ሊደግፋቸው የተነሣውን ሰዎች ራሳቸውን ሊጋርድ ይችላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የመገለል ሰለባ ለሆነ ሰው ሳይሆን የሰለባዎቹ አጋር መሆን ለሚሻ ሰው ነው። መነሻ ሐሳቡም የሚከተለው ነው። አጋር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የተገለሉት ሰዎች በማይገኙበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ስለ እነርሱ ውሳኔ በሚሰጥበት ስብሰባ፣ ማመልከቻ በሚመዘንበት ኮሚቴ፣ ወይም ስማቸው በፌዝ በሚነሣበት የወዳጆች ጨዋታ ላይ ነው። እነርሱ ራሳቸው ባሉበት ቦታ ግን የአጋሩ ሥራ መድረኩን ለባለቤቶቹ ትቶ የተጠየቀውን ማከናወን ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይዞታል፤ እነርሱ ፊት ስለ እነርሱ አብዝቶ ይናገራል፣ በሌሉበት ደግሞ ጨዋታ ላለማበላሸት ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ድጋፍ ከአንገት በላይ መሆኑን ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ማዳመጥና መማር

እ.ኤ.አ. በ1880 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጣልያን ሚላን ከተማ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በምን መንገድ ይማሩ በሚለው ጉዳይ ላይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰብሳቢዎች መስማት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ጉባኤው ልጆቹ በምልክት ቋንቋ ሳይሆን በአፍ ንግግር እንዲማሩ የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ፤ ከዚያ በኋላም በብዙ አገሮች የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል እንዲወጣ ተደረገ፣ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ቦታቸውን አጡ። የዚሁ ጉባኤ ተከታይ በካናዳ ቫንኩቨር ተሰብስቦ የሚላኑን ውሳኔ ውድቅ ያደረገውና ላስከተለው ጉዳት ጸጸቱን በይፋ የገለጸው በ2010 ነው። በመካከሉ 130 ዓመት አልፏል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሚላን እጃቸውን ካወጡት ብዙዎቹ ለልጆቹ ይበጃል ብለው ያመኑ መምህራን መሆናቸው ነው። የጎደላቸው ርኅራኄ ሳይሆን፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች እንደ አዋቂ ቆጥሮ መጠየቅ ነበር።

የአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ «ስለ እኛ ያለ እኛ ምንም» የሚለውን መፈክር ያነሣው ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የተነሣ ነው። በ2006 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ፈራሚ መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ሕግና ፖሊሲ ሲያወጡ በድርጅቶቻቸው አማካይነት እነርሱኑ በቅርበት እንዲያማክሩና በንቃት እንዲያሳትፉ ያስገድዳል። መንግሥታትን የሚያስገድድ ነገር ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ሰው የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ «ምን ላድርግላቸው?» ብለው ብቻዎን ከማሰላሰልዎ በፊት፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ያቋቋማቸውን ማኅበራት ይፈልጉ፤ ምን ጠይቀው ምን እንደተከለከሉ፣ የትኛውን ሕግ እንደሚቃወሙ፣ የትኛውን «እርዳታ» እንደማይፈልጉት ያንብቡ። የጻፏቸውን መጻሕፍትና መግለጫዎች፣ የሰጧቸውን ቃለ ምልልሶች ይከታተሉ።

ይህን ሲያደርጉ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ የሚያውቁትን አንድ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት የማኅበረሰቡ ሁሉ ቃል አቀባይና የእርስዎ የግል አስተማሪ አለማድረግ ነው። ሰውየው ስለ ቁስሉ በየቀኑ ሊጠየቅ አይገባም፤ ተነጋግሮ የመማር ፈቃደኝነት ካሳየ ይህ ችሮታው እንጂ ግዴታው አይደለም። በአደባባይ ተጽፎ የሚገኘውን አስቀድሞ አንብቦ መቅረብ በራሱ አክብሮት ነው። ሁለተኛው፣ የትኛውም ማኅበረሰብ አንድ ልብ አንድ ቃል ነው ብሎ አለማሰብ ነው። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሊ ክሬንሾው በ1989 ባሳተመችው ጽሑፍ ያስረዳችው ነገር እዚህ ይጠቅማል። ጥቁር ሴቶች በፍርድ ቤት የሚያቀርቡት አቤቱታ ተቀባይነት ያጣ የነበረው፣ ድርጅቱ ጥቁር ወንዶችንና ነጭ ሴቶችን መቅጠሩ እየተጠቀሰ በዘርም በጾታም መድልዎ የለም ስለሚባል ነበር፤ በሁለቱ መገናኛ ላይ የቆመችውን ሴት ግን ያየ አልነበረም። አጋር የሆነ ሰው በሚደግፈው ማኅበረሰብ ውስጥ ድምፁ ይበልጥ የማይሰማው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜ ወደ መድረክ የሚወጡት የተማሩት፣ ወንዶቹና የከተማ ነዋሪዎቹ ናቸውና።

ስለ አጠራር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሰዎችን ራሳቸው በመረጡት ስም ይጥሩ፤ ካላወቁ ይጠይቁ፤ የሚያዋርዱ አባባሎችን «የቆየ ተረት ነው» በሚል ሰበብ አይድገሙ።

መድልዎ ዐይንዎ ፊት ሲፈጸም

ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች መጠይቅ እየሞሉ ሳለ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ጭስ ወደ ክፍሉ እንዲገባ አደረጉ። ብቻቸውን ከተቀመጡት መካከል 75 በመቶዎቹ ወጥተው ጭስ መኖሩን ተናገሩ። ዝም እንዲሉ አስቀድሞ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዝምታ ይጋባል። አንድ ሰው በአደባባይ ሲዋረድ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ሁሉ ክፉ ስለሆነ አይደለም ዝም የሚለው፤ እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ አይቶ «ነገሩ ያን ያህል ላይሆን ይችላል» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ይህ ማለት ደግሞ የመጀመሪያው ተናጋሪ ከአንድ ሰው ድምፅ በላይ ክብደት አለው ማለት ነው፤ ሌሎቹን ያያዘውን ቋጠሮ የሚፈታው እርሱ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የተጎዳውን ሰው ማየት እንጂ ከአጥቂው ጋር መፋለም አይደለም። አጥቂውን ማሸነፍ ለአጋሩ እርካታ ይሰጣል፤ ለተጎዳው ግን ጠቡን አባብሶ፣ አጋሩ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚመጣ በቀል ሊያተርፍለት ይችላል። ስለዚህ ቀጥተኛ ተቃውሞ ከብዙ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። ወደ ተጎዳው ሰው ቀርቦ ሰዓት መጠየቅ፣ መንገድ መጠየቅ ወይም እንደሚያውቁት ሰላምታ መስጠትና ከአጥቂው ዐይን ማራቅ ይቻላል። ሥልጣን ያለውን ሰው፣ ለምሳሌ የሥራ ኃላፊውን፣ ሾፌሩን ወይም መምህሩን፣ መጥራትም ይቻላል። ፖሊስን ለመጥራት ካሰቡ ግን በቅድሚያ የተጎዳውን ሰው ይጠይቁ፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ወይም በሕግ አስከባሪዎች ተደጋጋሚ በደል የደረሰበት ሰው ከአጥቂው ይልቅ ፖሊስን ሊፈራ ይችላልና።

በስልክ መቅረጽ ማስረጃ ያስገኛል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው እየረዳ ከሆነ ብቻ ይቅረጹ፣ ቀረጻውንም ለተጎዳው ሰው ያስረክቡ። ያለ ፈቃዱ በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ የውርደቱን ተመልካች ማብዛት ነው። በተለይ ሕመም፣ የሕግ ሁኔታ፣ የትውልድ ሐረግ ወይም ሌላ የሰውየው ምስጢር የሚጋለጥ ከሆነ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊከተለው ይችላል። ነገሩ ካለፈ በኋላም ቢሆን ጊዜው አልመሸም፤ «ያደረጉብዎት ነገር ትክክል አልነበረም፤ አይቻለሁ፤ ምስክር እሆናለሁ። አሁን ምን ላድርግልዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ በዚያች ሰዓት ብቻውን እንዳልነበረ ማረጋገጥ ነው። «ምንም አልፈልግም» ካለም መልሱን ማክበር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ተናጋሪው የራስ ወዳጅ ወይም ዘመድ ሲሆን ነው፤ እውነተኛው የአጋርነት ሥራ የሚገኘውም እዚያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ወዳጅዎ የሚገለሉትን ሰዎች ላያዳምጥ፣ እርስዎን ግን ሊያዳምጥ ይችላል። ታላቅን በሰው ፊት ማሳፈር ልብን ይዘጋል፤ ስለዚህ ንግግሩን ማንነት ላይ ሳይሆን በተባለው ነገር ላይ ማድረግ ይሻላል። «አባባ፣ ይህን ከየት ሰሙት? እኔ የማውቃቸው እንዲህ አይደሉም» ማለት፣ «እርስዎ ጥላቻ አለብዎት» ከማለት የበለጠ ያስኬዳል። የፌዙ ፍሬ ነገር እንዲብራራ መጠየቅም ይረዳል፤ ብዙ የሚያዋርዱ ቀልዶች ሲብራሩ የሚያስቅ ነገር አይቀራቸውም። ጨዋታው ቢደፈርስ ይደፍርስ፤ አጋር የሚከፍለው ትንሹ ዋጋ ይህ ነው።

በእጅዎ ያለውን ሥልጣን መጠቀም

ስለ መድልዎ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ስድብንና ድብደባን ነው፤ ነገር ግን ሰፊው መድልዎ ድምፅ አያሰማም። ማሪያን በርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የተፈበረኩ የሥራ ማመልከቻዎችን ላኩ፤ ልዩነቱ አንዳንዶቹ በነጮች ዘንድ የተለመደ፣ ሌሎቹ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመደ ስም መያዛቸው ነበር። የነጭ ስም የያዙት 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ። ማንም አልተሰደበም፤ ስልኩ ብቻ ሳይደወል ቀረ። እንዲህ ያለውን በደል የሚያየው በኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው፤ ያልተጠራው አመልካች ምክንያቱን በፍጹም አያውቅም።

ስለዚህ በማንኛውም የቅጥር፣ የዕድገት፣ የብድር ወይም የተማሪ ቅበላ ውሳኔ ላይ ድርሻ ካለዎት፣ መመዘኛው ማመልከቻዎቹ ከመከፈታቸው በፊት በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ በመጀመሪያው ማጣሪያ ስምና አድራሻ እንዲሸፈኑ፣ ለሁሉም አመልካቾች ተመሳሳይ ጥያቄ እንዲቀርብ ይጠይቁ። «ከእኛ ጋር የሚግባባ አይመስለኝም» የሚል አስተያየት ሲሰማ፣ ከየትኛው መመዘኛ ጋር እንደሚያያዝ እንዲብራራ ማድረግ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በስብሰባ ላይ የአንዲት ባልደረባ ሐሳብ ታልፎ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ሲደግመው ከተወደሰ፣ ሐሳቡ ቀድሞ ከማን እንደመጣ በስሟ ጠቅሶ ማስታወስም የአጋር ድርሻ ነው።

ስብሰባና ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ደግሞ ተደራሽነትን ግብዣው ከመላኩ በፊት ያስብበት። በሩ ላይ ደረጃ ካለ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው አልተጋበዘም ማለት ነው። መወጣጫ ሲሠራም በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ 1 ለ 12 ነው፤ ይኸውም ርዝመቱ ቢያንስ የከፍታው 12 እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው፤ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መወጣጫው 6 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ያጠረና ቀጥ ያለ መወጣጫ ለሪፖርት ያገለግል እንደሆነ እንጂ ዊልቸር አያወጣም። ሰነዶች በምስል መልክ ሳይሆን ማንበቢያ ሶፍትዌር ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ አስቀድመው ይላኩ፤ ያለዚያ ዐይነ ስውሩ ተሳታፊ ሌሎች ያነበቡትን ሳያነብ ይመጣል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በዕለቱ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ቀደም ብሎ ሊቀጠርና ጽሑፉ አስቀድሞ ሊሰጠው ይገባል። ሲነጋገሩም ፊትዎን ወደ አስተርጓሚው ሳይሆን ወደሚያነጋግሩት ሰው ያዙሩ። የሰው ዊልቸር ሳይጠይቁ አይግፉ፤ ዐይነ ስውርን እጁን ይዘው አይጎትቱ፤ ክንድዎን ለመያዝ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ በቀን ምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገሙ ሲታሰብ ጥቃቅን አይደሉም።

ከተገለለ ማኅበረሰብ የመጣን ባለሙያ ንግግር እንዲያደርግ፣ ሰነድ እንዲመለከት ወይም እንዲያሠለጥን ሲጋብዙ ለሌላው ባለሙያ የሚከፍሉትን ይክፈሉት። ልምዱን በነጻ እንዲሰጥ መጠበቅ በራሱ የመገለሉ አካል ነው።

መድረክ መልቀቅ

እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው የሕግ ክፍል 504 ማስፈጸሚያ ደንብ ሳይፈረም በመዘግየቱ፣ አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ብለው ተቀመጡ። የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ለተቃዋሚዎቹ ትኩስ ምግብ ያመላልስላቸው ነበር። ምግቡ ባይኖር ያን ያህል መቆየት አይቻልም ነበር፤ ጥያቄውን የመራውና ከባለሥልጣናቱ ጋር የተደራደረው ግን የአካል ጉዳተኞቹ የራሳቸው አመራር ነው። ደንቡም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ማብቂያ ተፈረመ። አጋርነት በአብዛኛው ይህን ይመስላል፤ ሰው ማመላለስ፣ ልጅ መጠበቅ፣ አዳራሽ ማስፈቀድ፣ ደብዳቤ መተየብ፣ የሕግ ባለሙያ ክፍያ ማዋጣት። የእዩልኝ ስሙልኝ ፍላጎት ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ አይወደውም፤ የሚጎድለው ግን ሁልጊዜ ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ የአውስትራሊያዊው ሯጭ የፒተር ኖርማን ታሪክ ሊታወቅ ይገባዋል። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማቱ ሰገነት ላይ ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን ሲያነሡ፣ እርሱ የእነርሱን የሰብአዊ መብት ንቅናቄ አርማ ደረቱ ላይ አድርጎ አብሯቸው ቆመ። ጡጫውን ግን አላነሣም፤ ምልክቱ የእነርሱ ነበር። በዚህም በአገሩ ብዙ ወቀሳ ደረሰበት፤ የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012፣ ኖርማን ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን በተማሩበት በሳን ሆሴ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐውልት ሲሠራ የእርሱ ቦታ ባዶ እንዲቀር የጠየቀው ራሱ ነው፤ ጎብኚዎች በቦታው ቆመው አጋርነታቸውን እንዲያሳዩ ፈልጎ ነበር። በ2006 ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት መካከል ስሚዝና ካርሎስ ይገኙበታል።

ስለ አንድ ማኅበረሰብ እንዲናገሩ ጋዜጠኛ ወይም የስብሰባ አዘጋጅ ሲጋብዝዎት፣ በመጀመሪያ ከማኅበረሰቡ ማን እንደተጋበዘ ይጠይቁ። ማንም ካልተጋበዘ፣ በእርስዎ ምትክ ሊናገሩ የሚችሉ ሰዎችን፣ አስቀድመው ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ ይጠቁሙ። በግልዎ መናገር የሚገባዎት ጉዳይ ካለ ያዩትን፣ የሠሩትንና ራስዎ ካሉበት ወገን የሚጠበቀውን ይናገሩ፤ እነርሱ የሚሰማቸውን ግን ራሳቸው ይናገሩት።

ሲታረሙ

አጋር ሆኖ የሚሠራ ሰው መታረሙ አይቀርም። ያኔ በጎ ሐሳብ እንደነበረው ማስረዳት ሲጀምር፣ ውይይቱ ከተጎዳው ሰው ወደ እርሱ ስሜት ይዞራል፤ የተጎዳውም ሰው አጽናኝ እንዲሆን ይገደዳል። «ይቅርታ፣ ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብሎ አሠራርን ማስተካከል ይበቃል። እርማቱ በቁጣ ቢቀርብም ፍሬ ነገሩን ከቁጣው ለይቶ መስማት ያስፈልጋል፤ ስንት ጊዜ በለዘበ ቃል ተነግሮ ሰሚ እንዳጣ አይታወቅምና። በሌላ በኩል አጋር ማለት ለሁሉም ነገር «እሺ» የሚል ሰው አይደለም። በማኅበረሰቡ ውስጥ የሐሳብ ልዩነት ሲኖር ጎራ ለይቶ ዳኛ መሆን አይገባውም፤ ሕሊናው የማይፈቅደውን ነገር ሲጠየቅ ግን በግልጽ «ይህን አልችልም» ማለት፣ ተስማምቶ ከመጥፋት ይሻላል።

መቆየት፣ ማስረከብ

ጉዳዩ የዜና አርእስት በሆነበት ሳምንት ደጋፊ አይታጣም። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲያራዝም፣ መርማሪው ሲቀየር፣ በደሉ የደረሰበት ሰው ከሥራ ታግዶ ወራት ሲቆጠሩ ግን የሚደውልለት ይጠፋል። ስለዚህ ከመነሻው የሚችሉትን ያህል ብቻ ቃል ይግቡ፤ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ማዋጣት ወይም አንድን ቤተሰብ ወደ ችሎት ማድረስ፣ ሳይቋረጥ ከተደረገ፣ ከአንድ ቀን ትልቅ ስጦታ ይልቅ ማኅበራት ሥራቸውን እንዲያቅዱ ያስችላቸዋል። ማቆም ካለብዎት አስቀድመው ያሳውቁ።

በማኅበራቸው ውስጥ ኃላፊነት ወስደው ከሆነ ደግሞ፣ ከጊዜ በኋላ ያንን ሥራ የሚረከብ ሰው ከማኅበረሰቡ ማን እንደሆነ አብረው ይወስኑ፤ እየሠሩ ያሳዩት፣ እርሱ ሲሠራ ደግሞ አጠገቡ ይቀመጡ። የባንክ ፈራሚነት፣ የማኅበሩ ኢሜይልና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች የይለፍ ቃል፣ የለጋሾችና የጋዜጠኞች ስልክ ዝርዝር፣ የተጀመሩ ደብዳቤዎች ሁሉ በጽሑፍ ተዘርዝረው ይተላለፉ። ከዚያ በኋላ ለጋሽ ወይም ባለሥልጣን እንደለመደው ለእርስዎ ሲደውል፣ ጥያቄውን ራስዎ ሳይመልሱ የአዲሱን ኃላፊ ስልክ ይስጡት።